ቀይ መስሎኝ ነበር

ዛሬ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ቀለም ስቀላቅል ዋልኩ። የምሠራው የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪው ሴና በ1988 እ.ኤ.አ. የነዳውን የማክላረን ውድድር መኪና ነው፣ ከዋናው 20 ጊዜ የሚያንሰውን ሞዴል። ለአፍንጫውና ለክንፉ ከጋራዥ የለመንኳትን ቀይ ቀባሁ። የጎረቤት ልጅ መጥቶ አየና፣ «ጋሼ፣ ሲኖትራክ ነው እንዴ?» አይለኝም!

ልጁ እውነቱን ነው። ዋናው መኪና ላይ የነበረው እኮ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ ዓይን የሚወጋ አንጸባራቂ ቀለም ነው፤ ቀይ የሚመስለው በቲቪ ሲታይ ነው። እሱ ቀለም ደግሞ ስስ ስለሆነ ከስሩ ነጭ ካልተቀባ ይደበዝዛል። ሁሉንም ፍቄ ነጭ ቀባሁ። የሰፈራችን አቧራ እንዳይለጠፍበት የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን ደፍቼበታለሁ፣ ባለቤቴ ሳፋዬ የት ሄደ ሳትል ቢደርቅልኝ።