የተቆለፈበት መጽሐፍ ቅዱስ

መንግሥት በሴቶች አካልና አእምሮ ላይ ስለሚሠለጥንባቸው ልብ ወለዶች ሲነሣ ብዙዎቻችን ፈጥነን የምናስታውሰው የካናዳዊቷን ደራሲ የማርጋሬት አትውድን «ዘ ሃንድሜድስ ቴል» (የገረዲቱ ታሪክ) ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1985 ከታተመ ወዲህ፣ ይልቁንም የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ከቀረበ በኋላ፣ የገረዶቹ ቀይ ካባና ነጭ ቆብ በአሜሪካ የሴቶች ሰልፍ ላይ የሚለበስ ሆኗል። እኔን ግን ገረዶቹ አዛዦች ለሚባሉት የአገዛዙ ሹማምንት ልጅ እንዲወልዱ ከሚገደዱበት ክፍል ይልቅ የሚያስፈራኝ፣ ከዚያ አስቀድሞ በአንድ ቀን ተጀምሮ የሚያልቀው የቢሮ ሥራ ነው።

ኋላ ገረድ የምትሆነው ተራኪዋ ሲጋራ ልትገዛ ሄዳ የባንክ ካርዷ አልሠራ ይላታል። በዚያው ቀን የምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሴቶቹን ሰብስቦ ሕግ ስለ ሆነበት እንደሚያሰናብታቸው ይነግራቸዋል። ማታ ከጓደኛዋ እንደምትሰማው የሴቶች ሂሳብ ሁሉ ታግዷል፤ ገንዘቡን ማንቀሳቀስ የሚችለው ባል ወይም የቅርብ ወንድ ዘመድ ብቻ ነው። ባሏ ሉክ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይወዳታል፣ እኔ አለሁልሽ እያለም ያጽናናታል። እርሷ ግን ሌሊት አጠገቡ ተኝታ ነገሩ እምብዛም እንዳልከፋው፣ ምናልባትም ደስ ሳይለው እንዳልቀረ ታስባለች። ለእያንዳንዱ ቤት ወንድ ከሥልጣን ጥቂት ቆርሶ የሚሰጥ አገዛዝ በየበሩ ወታደር ማቆም እንደማያስፈልገው ከዚህች ገጽ የተሻለ የሚያሳይ ጽሑፍ አላነበብሁም።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚወሰደው ፊደል ነው። ገለዓድ በተባለው በዚህ አገር የሱቅ ስም እንኳ ተነሥቶ ሥዕል ተተክቷል፤ ስታነብ ለሦስተኛ ጊዜ የተያዘች ሴት እጇ ይቆረጣል። አገዛዙ ገረዶቹን ማስወለዱን የሚያጸድቀው ራሔል ባሪያዋን ባላን ለያዕቆብ በሰጠችበት በዘፍጥረት 30 ታሪክ ሲሆን፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ግን ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ከፍቶ የሚያነበውም አዛዡ ብቻ ነው፤ ሚስቱ ሳትቀር ከእርሱ አፍ ትሰማለች። ገረዶቹ በሚሠለጥኑበት ስፍራ ደግሞ በምሳ ሰዓት የተራራው ስብከት ብፅዓን በተቀዳ የወንድ ድምፅ ይሰማል። በመካከሉ ዝም የሚሉ ብፁዓን ናቸው የሚል ይገባበታል። ተራኪዋ ይህ ቃል ከራሳቸው የተጨመረ መሆኑን ታውቃለች፤ ገልጣ የምታመሳክርበት መጽሐፍ ግን የላትም። የዋሆችና የሚያዝኑ ብፁዓን ናቸው የሚለውን በቃሉ ይዞ ያደገ አንባቢ የዚህን ስርቆት ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም።

አትውድ በታሪክ ያልተፈጸመ ነገር ላለማስገባት ደንብ አውጥታ እንደ ነበር ተናግራለች። የሩማንያው መሪ ቻውሼስኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ድንጋጌ 770 ጽንስ ማቋረጥን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ከልክሏል፤ በ1980ዎቹ ሴት ሠራተኞች በየመሥሪያ ቤታቸው የማህፀን ምርመራ ይደረግባቸው ነበር፤ ድንጋጌው የተሻረው አገዛዙ በወደቀበት በታኅሣሥ 1989 ነው። የልብ ወለዱ የመጨረሻ ክፍል ሩማንያን በስም ይጠቅሳል። ከዚያም ቀደም ብሎ ሩሲያዊው ዛምያቲን «እኛ» በተባለው ሥራው፣ ቁመቷ ከተደነገገው የእናትነት ልክ በ10 ሴንቲሜትር ስላነሰ መውለድ የተከለከለች ሴት አሳይቶን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ተከታይ መጽሐፍ «ዘ ቴስታመንትስ» ብዙም አልማረከኝም፤ ሴቶቹን በኤሌክትሪክ ዱላ ሲያሠለጥኑ ከነበሩት፣ አክስት ተብለው ከሚጠሩት ሴቶች ዋነኛዋን በስውር አገዛዙን የምትጥል አድርጎ ማቅረቡ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጭካኔ ያለዝበዋል። አንድ ክፍሉን ግን ደጋግሜ አነባለሁ። በገለዓድ ያደገችው አግነስ በትምህርት ቤት የተነገራት፣ በመሳፍንት 19 የተጻፈችው የሌዋዊው ቁባት ጌታዋን ለማዳን ራሷን በፈቃዷ አሳልፋ እንደ ሰጠች ነበር። ካደገች በኋላ አክስት ለመሆን ስትሠለጥን ፊደል ትማራለች፤ ምዕራፉንም ራሷ ገልጣ ታነባለች። ሴቲቱን ወደ ውጭ አውጥቶ ለሰዎቹ የሰጣቸው ሌዋዊው ራሱ ነው።