ተቀይሮ የሚገባው ሰው

ዛሬ ከሥራ ስንወጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቤዝቦል የተከታተለ አንድ አሜሪካዊ ባልደረባዬን «ከተጫዋቾች ሁሉ ማንን ታደንቃለህ?» አልኩት። የጥንቱን ዝነኛ ቤብ ሩትን ይጠራል ብዬ ስጠብቅ «ሌኒ ሃሪስን» አለኝ።

ሃሪስ ከ1988 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) በስምንት ቡድኖች ተጫውቷል። ሁለተኛ ቤዝ፣ ሦስተኛ ቤዝ፣ የውጪ ሜዳ፤ ክፍተት ባለበት ሁሉ ይሰለፍ ነበር። ስሙ የቀረው ግን በሌላ ሰው ምትክ ተቀይሮ ገብቶ፣ የተጋጣሚ ወርዋሪ የሚወረውረውን ኳስ በዱላ በመምታት ነው። 212 ጊዜ ተሳክቶለታል፤ የሚበልጠው የለም።

ከአእምሮዬ ያልወጣው ሌላ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች ጨዋታውን አብዛኛውን ተቀምጦ ያያል። ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ከተመልካቹ መቀመጫ ስር ወዳለው መለማመጃ ወርዶ ብቻውን ኳስ እየመታ ሰውነቱን ያሟሙቃል። ስንት ቀን ሳይጠራ ይቀራል! ሲጠራም የሚገጥመው ገና ያልደከመ፣ ትኩስ ወርዋሪ ነው። ዕድሉ አንድ ብቻ፤ ካልሆነ ወደ ወንበሩ። ሃሪስ ራሱ 804 ጊዜ ሞክሮ ነው 212 ላይ የደረሰው።

በ2003 ቺካጎ ካብስ አሰናበቱት። ፍሎሪዳ ማርሊንስ ወሰዱት፣ በዚያው ዓመት ካብስን ጥለው አለፉ፣ ዋንጫውንም በሉ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፣ የምር።

እኛም ጋ የቀረውን ሰው ሁሉ ፈረቃ የሚሸፍን አንድ ልጅ አለ። የበዓል ሌሊት ሳይቀር ሲደወልለት ይመጣል። የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ሲመረጥ ስሙ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ዘንድሮ እኔ እጠቁመዋለሁ።