ፍሪጅ የሞላ ኢንሱሊን

የምሠራበት ፋርማሲ ሜሪላንድ፣ ላንግሊ ፓርክ አጠገብ ነው። ሰፈሩ የላቲኖ ነው፤ አብዛኛው ደንበኛችን ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ የመጣ። እኔም ስለ መድኃኒት የማስረዳበትን ያህል ስፓኒሽ ለምጃለሁ።

ከኤል ሳልቫዶር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ዓይነት ሁለት ስኳር አለባቸው። በአክብሮት «ዶኛ» እላቸዋለሁ፣ «ሚሃ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለት ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ብቻውን አልበቃ ብሎ ኢንሱሊን ታዘዘላቸው። በየወሩ ቀን ሳያዛንፉ ይወስዳሉ። ስኳራቸው ግን ንቅንቅ አላለም።

ሐኪማቸው ዶዙን ሊጨምሩ አስበው ደወሉልኝ። ኮምፒውተሩን አየሁና «በሰዓቱ እየወሰዱ ነው» አልኩ። መውሰድ ሲባል ከመስኮቱ ተቀብሎ መሄድም ነው፣ መወጋትም ነው። እኔ የመጀመሪያውን አይቼ ስለ ሁለተኛው መሰከርኩ።

በሳምንቱ ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቷ «ፍሪጁ ሞልቷል፣ ይሄን የት ልናስቀምጠው ነው?» አለች። ክው አልኩ። አንዱም አልተነካም! በጨመረው ዶዝ ድንገት ቢጀምሩ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችሉ ነበር።

ለብቻ ይዣቸው ተቀመጥኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ኢንሱሊን ጥቅም እደረድር ነበር። ያን ቀን ግን «ዶኛ፣ ምኑ ነው የሚያስፈራዎት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እናቴ እሱን ጀመረች፤ በዓመቷ ዓይኗ ጠፋ።»

ኢንሱሊን ያሳውራል የሚለው ፍርሃት በላቲኖዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ያዩትን ነው የሚናገሩት። ብዙ ሰው መርፌውን የሚጀምረው ስኳሩ ዓይኑን ለዓመታት ሲጎዳ ከቆየ በኋላ ነውና። «እናትዎን የጎዳው ስኳሩ ነው፣ መርፌው ዘግይቶ ደረሰ» አልኳቸው። እሳቸውን ስኳሩ የያዛቸው ግን በአገራቸው ጦርነት ጊዜ ወንድማቸው ሲገደል በደነገጡት ድንጋጤ እንደሆነ ነገሩኝ። «ሱስቶ» ይሉታል። እኛስ ዘንድ «በድንጋጤ ስኳር ያዘኝ» የሚል ስንት አለ? አልተከራከርኩም። እጃቸውን ይዤ ሰማሁ።

ለሐኪሙ ደውዬ ስህተቴን ተናገርኩ። መጀመሪያ ዓይናቸው ታየ፤ ከዚያ በትንሽ ዶዝ ተጀመረ። የመጀመሪያውን መርፌ ልጃቸው ባለችበት ራሳቸው ወጉ። አሁን ማንንም «እየወሰዱ ነው?» አልልም። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ተወጉ?» እላለሁ።

ከወራት በኋላ አንዲት ጎረቤታቸውን አስከትለው መጡ። ኢንሱሊን ታዞላት እምቢ ያለች ናት።

«ሚሃ፣ የእናቴን ነገር ንገሪያት» አሉኝ።