በጥቅምት የተለካ ምንጭ

በወሎ ደጋ ምንጭ የሚለካው ውሃው ባነሰበት ወር ነው። ይህን የማያውቅ የውሃ ባለሙያ የለም። የዚህ ገጠመኝ ባለቤት የሆነው ድርጅት ሠራተኞችም ያውቁት ነበር፤ እንዲያም ሆኖ 6 ቦኖ ደርቆ ቀረ።

ድርጅቱ በአምባሰል በኩል በ2 ቀበሌ ሥራ ሲጀምር የነበረው አንድ ቴክኒሻን ነው። ሰውየው ወደ ምንጩ ከመውረዱ በፊት የቅሬውን፣ ማለትም የወሎውን እድር፣ ዳኛ ያፈላልጋል፣ ቡናው እስኪደርስ አረፍ ይልና አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል፦ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ይሄ ምንጭ ነጥፎ ነበር?» «አብሽር ልጄ፣ ያኔም ሌሊት ተጠብቆ እንስራ ይሞላ ነበር» ከተባለ ሥራው ይቀጥላል። «ወንዝ ነበር የምንወርደው» ከተባለ ሌላ ምንጭ ይፈለጋል። ከዚያ በጀሪካንና በስልክ ሰዓት ሁለት ጊዜ ይለካል፤ በጥር መጨረሻ በልጉ ሳይገባ፣ እንደገና በሰኔ መጀመሪያ ክረምቱ ሳይጥል። በሚያዝያ የለካ ሰው በልጉ ያታልለዋል።

ሥራው አማረ፣ ገንዘብ መጣ፣ 2ቱ ቀበሌ 11 ሆነ። ቴክኒሻኑ አስተባባሪ ተብሎ ደሴ ቢሮ ገባ። ለአዲሶቹ ወጣት መሐንዲሶች ባለ 4 ገጽ የጥናት ቅጽ ተዘጋጀላቸው። «የምንጩ ፍሰት፣ ሊትር በሰከንድ» የሚል ክፍት ቦታ አለው፤ የተለካበት ወር የሚጻፍበት ግን የለውም። ሰባ ሰባትም የለም።

ለጋሹ ሒሳቡን የሚዘጋው በዲሴምበር ስለሆነ ልኬቱ በጥቅምት ተካሄደ፤ መሬቱ የጠጣውን የክረምት ውሃ ገና እየለቀቀ ሳለ። በአንዱ ቀበሌ ምንጭ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በ25 ሰከንድ ሞላ። 0.8 ሊትር በሰከንድ ማለት ነው፣ በቀን 69 ሺህ ሊትር። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር መለኪያ፣ ለአንድ ሰው 25 ሊትር፣ ሲካፈል 2,760 ሰው ያጠጣል። በዚያው ልክ 25 ሜትር ኩብ ማጠራቀሚያና 6 ቦኖ ተሠራ፣ ተመረቀ።

በሰኔ ያው ጀሪካን 70 ሰከንድ ፈጀ። ይህ ለ1,000 ሰው እንኳ አይደርስም። ሌሊቱን 12 ሰዓት ቢጠራቀም የሚገባው 12 ሜትር ኩብ ገደማ ነውና ማጠራቀሚያው ግማሽ ሳይደርስ ይነጋል። የታችኞቹ ቦኖዎች ሲከፈቱ ጉብታው ላይ ያለው አየር ብቻ ያፏጫል። የጉብታው ሰዎች «ለንፋስ ነው የምንከፍል?» ብለው ወርኃዊ መዋጮውን አቆሙ። ጠባቂው ደመወዙ ሲቀርበት ሄደ። ጎሚኒዋ ያለቀች አንዲት ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ እያንጠባጠበች ያቺኑ ትንሽ ውሃ ጨረሰቻት። በመጨረሻ አንዱ ከብቶቹን ሊያጠጣ ፕላስቲኩን ቱቦ ቆረጠው። ሪፖርቱ ታዲያ «ማኅበረሰቡ የባለቤትነት ስሜት ይጎድለዋል» አለ። ይህቺ ዐረፍተ ነገር የስንቱን ቢሮ ጥፋት ሸፍናለች! 7 አባላት ያሉት የውሃ ኮሚቴ የተመረጠው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ከሰዓት ነበር፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ ይዞ መዋጮ ሲሰበስብ የኖረውን ቅሬ የጠየቀው የለም።

ጥገናውም የራሱን ጥፋት ጨመረ። ግንበኞች ውሃው ከፍ ብሎ ይጠራቀም ብለው የምንጩን ሳጥን ግድግዳ አስረዘሙ፣ የትርፍ ውሃ መውጫውንም ወደ ላይ ሰቀሉት። ምንጭ ደግሞ ወደ ኋላ ሲገፉት አይወድም፤ በሳምንቱ ከሳጥኑ በታች ከድንጋይ ሥር ብቅ አለ። የትርፍ ውሃ መውጫው ሁልጊዜ ከምንጩ ዓይን ዝቅ ማለት አለበት። ግድግዳው ፈርሶ መውጫው ሲወርድ ውሃው አብዛኛው ተመለሰ፤ የቀረው ግን እዚያው ድንጋዩ ሥር ቀረ።

ከዚያ ቴክኒሻኑ ከደሴ ተጠራ። በደረቁ ወራት ቦኖዎቹ በፈረቃ እንዲከፈቱ ሆነ፣ ጠዋት 3ቱ፣ ማታ 3ቱ፣ ጉብታው ሁልጊዜ ቀድሞ። መዋጮው በቅሬው መዝገብ ገባ። ከሳጥኑ በላይ ያለው ተዳፋት ታጥሮ እርከን ተሠራበት፣ ባሕር ዛፉ ተነቀለ። የእርከኑ ጥቅም ቢመጣም በአንድ ክረምት አይደለምና ማንም ቃል አልገባበትም።

ከባዱ የበጀት ክርክሩ ነበር። በሰኔ 11 ቀበሌ እየዞሩ መለካት አበልና ነዳጅ ይጠይቃል፤ ሒሳብ ክፍሉ «አስተዳደራዊ ወጪ ነው፣ ከ20 በመቶ ያልፋል» አለ። ጣሪያው እውነት ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያስቀመጠው ነው። ነገር ግን እዚያው አዋጁ ውስጥ አስተዳደራዊ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ ወጪ ነው። ምንጭ መለካት ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። ይህን ለማስረዳት ሦስት ስብሰባ ፈጀ።

ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ተጨመረ፦ የተለካበት ወር፣ እና «በ77 ምን ያህል ይሰጥ ነበር?» በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ከመስክ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌው ከመግሪብ እስከ ሱብሂ አራት እንስራ ነበር ይላሉ። በሊትር ምን ብዬ ልሙላው?»

«እንስራዋ አለች?»

«ቤታቸው አለች።»

«እንግዲያው ተዋሳትና በጀሪካን ለካት።»