ከለገሃር ማዶ፦ አራት ቀን በታጁራ ባሕረ ሰላጤ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጨው ውሃ ለመግባት ቅርቡ መንገድ ዛሬም የድሮው የለገሃር መንገድ ነው፤ ጅቡቲ። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ባቡር ለመረጠ ግን መነሻው ለገሃር መሆኑ ቀርቷል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሣው ከፉሪ ለቡ ነው። እኛ በታኅሣሥ ሄደን ሸራም ሞተርም ባላት የእንጨት ጀልባ ሦስት ሌሊት አደርን። ወሩን ያስመረጠን ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ሻርክ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። በእኛ ክረምት ግን እዚያ ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

እንዲህ ያለውን ጉዞ ከምንም በላይ የሚያበላሸው ልክ ያልሆነ የመጥለቂያ መነጽር ነው፤ እሱ ደግሞ እዚሁ ማለቅ ያለበት ጉዳይ ነው። ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች በብዛት የሚገኘው የመዋኛ መነጽር ነው፤ ለመጥለቅ አይሆንም። ሁለት ሦስት ሜትር ዝቅ ሲባል የውሃው ግፊት መነጽሩን ፊት ላይ ይለጥፈዋል። አፍንጫን የሚሸፍን ከሆነ በአፍንጫ ቀስ ብሎ እፍ ማለት ያላላዋል፤ ካልሸፈነ ዓይን ተመጥጦ ደም ይቋጥራል። ልኩን ለማወቅ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ አድርጎ በአፍንጫ አየር መሳብ ነው፤ እጅ ሲለቀቅ ካልወደቀ ልክ ነው። ሪዝ ያለው ሰው ትንሽ ውሃ መግባቱ አይቀርለትም፤ ሹሩባም ከግንባር ላይ መነሣት አለበት።

አዲስ መነጽር መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ቅባት ስላለው ጉም ይይዛል። ጄል ያልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና ከውስጥ በኩል በጣት አምስት ደቂቃ ያህል ማሸት፣ ማጠብ፣ ሁለት ሦስቴ መድገም። ይህ ለመስታወት ብቻ ነው፤ ፕላስቲኩን ይጭረዋል። ከዚያ በኋላ ውሃ ከመግባት በፊት ምራቅ ቀብቶ ማለቅለቅ ይበቃል። በአፍ የሚያዘው መተንፈሻ ቱቦ ውሃ ሲገባበት በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ ማስወጣትንም መዋኛ ገንዳ ውስጥ መልመድ ያዋጣል። ባሕር ላይ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ማደሪያ ሙሻና መስካሊ ናቸው፤ ኮራል፣ ማለትም ደቃቅ የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ፣ የሠራቸው ዝቅ ያሉ ደሴቶች። መልህቅ የሚጣለው አሸዋ ላይ ነው፤ ኮራል ላይ ከወደቀ የብዙ ዓመት እድገት በአንድ ጉተታ ይሰበራል። ሲዋኙ መጀመሪያ የባሕሩ ፍሰት ወደሚመጣበት መሄድ፣ ሲደክሙ እሱ ራሱ ወደ ጀልባው ይመልሳል። እግር ላይ ከሚጠለቀው መቅዘፊያ (ፊን) በላይ የጠቀመን እጅጌው ረጅም ሹራብ ነው፤ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ሲውሉ ፀሐይዋ የምታገኘው ጀርባን ነው። የማቅለሽለሽ ክኒን ጀልባው ከመነሣቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰድ፤ ማስመለስ ከጀመሩ በኋላ አይሠራም።

በማግስቱ ወደ አርታ የባሕር ዳርቻ። ዌል ሻርክ ዓሣ እንጂ ዓሣ ነባሪ አይደለም፤ ምግቡ ፕላንክተን፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ነው። እዚህ የሚበዙት ገና ያልጎረመሱ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር የሚሆኑት ናቸው። መጀመሪያ የሚታየው ሰፊው አፍ ነው፤ ከዚያ ነጫጭ ነጠብጣብ የተረጨበት ግራጫ ጀርባ በጎን ያልፋል። ዘሎ መግባት ያስበረግገዋል፤ ተንሸራቶ ገብቶ በጎኑ መዋኘት ነው። ከአካሉ ሦስት፣ ከጅራቱ አራት ሜትር መራቅ፤ አለመንካት፤ ፍላሽ አለማብራት። ጀርባቸው ላይ የሞተር ጠባሳ ያለባቸው አሉና ባለጀልባው አጠገባቸው ሞተር እንዲያጠፋ አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ጉቤት የሚባለው የባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተከበበ ነው፤ ጠባቡ መግቢያ ላይ የባሕሩ ፍሰት ብርቱ ስለሆነ ሰዓቱን ለካፒቴኑ መተው ነው።

ገንዘብ ስትመነዝሩ 1 ዶላር ወደ 177 የጅቡቲ ፍራንክ ነው፤ ቋሚ ተመን ነው።

በቱቦ ብቻ የዋኘ ሰው በዚያው ቀን መብረር ይችላል። በአየር ሲሊንደር ደጋግሞ የጠለቀ ግን ወዲያው ከፍታ ላይ መውጣት ስለሚያሰጋው ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ። በባቡር ወይም በመኪና እመለሳለሁ ማለትም አያድንም፤ አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።