ጦሳን ወደ ሰሜን ያዞረው ቆርቆሮ

ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው ምዕራብ አይጠፋውም፤ የጦሳ ተራራ የቆመበት ነው። ፀሐይ በአዝዋ ገደል በኩል ትወጣለች፣ ከጦሳ ጀርባ ትገባለች፣ አለቀ። የአጎቴ ልጅ ከውጭ ያመጣልኝን የነፍስ ማትረፊያ ቆርቆሮ፣ መንገድ ለጠፋበት ሰው የሚሆኑ ዕቃዎች የታጨቁበትን ትንሽ ሣጥን፣ ግቢያችን ውስጥ ስከፍተው ግን ክዳኑ ላይ የተለጠፈችው፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ኮምፓስ ጦሳን ወደ ሰሜን አዙራው አገኘኋት። መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ቆርቆሮው ብረት ነው፣ ከሥሯም ምላጭ ተቀምጧል፣ ማግኔቷ ወደነሱ ታደላለች። በቢላ ጫፍ ፈልቅቄ ከዕቃው አርቄ መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት ቀጥ አለች። በጉም ውስጥ ያን ክዳን ያመነ ሰው የት እንደሚደርስ አስቡት።

ነገሩን የጀመርኩት በጉም ምክንያት ነው። ባለፈው ነሐሴ ከጓደኛዬ ጋር ጦሳ ላይ ወጥተን ስንመለስ ጉም ዋጠን። ሁለት ሰዓት ያህል አንድ ቦታ ዞርን። ኪሳችን ሲፈተሽ የተገኘው ባትሪው ያለቀ ስልክ፣ የረጠበ ክብሪትና ማስቲካ ነበር። የውሻ ጩኸት ሰምተን ወደዚያው ስንሄድ አንድ እረኛ ልጅ አገኘንና መንገድ አሳየን። እያሳየንም ይስቅብን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ለማወዳደር ወሰንኩ፦ ከውጭ የመጣው ቆርቆሮ፣ እኔ በሚንት ከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ የሰበሰብኩት፣ ሦስተኛው ደግሞ ቆርቆሮ የሌለው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቋጠሮ። ለሦስተኛው የገጠር ዘመዶቻችንን «ሩቅ መንገድ ስትሄዱ ምን ትይዛላችሁ?» እያልኩ ጠይቄ ነው ያዘጋጀሁት። ክብሪት፣ መርፌ፣ ሲባጎ፣ በሶ ብለውኛል። ማንም መንጠቆ አላለኝም። የውጩ ቆርቆሮ ግን ሲሶው መንጠቆ፣ የዓሣ ክርና የወጥመድ ሽቦ ነበር። ሐይቅ ወርጄ ካልጠመድኩ በቀር ጦሳ ላይ ዓሣ ከየት ይመጣል? ሰው ደግሞ ያለ ምግብ ሳምንታት ይቆያል፤ ረጥቦ ንፋስ ላይ ከተቀመጠ ግን አንዲት ሌሊትም ትበዛበታለች።

ስለዚህ ፈተናዬን በብርድ ጀመርኩ። ታኅሣሥ ላይ ነው፣ የደሴ ውርጭ በሚናከስበት ሰሞን። ሳፋ ሙሉ ውሃ ደጅ አሳድሬ ማለዳ ሁለት እጄን አምስት ደቂቃ ነከርኩና ወዲያው እሳት ለማንደድ ሞከርኩ። እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ምን ጎደለህና ነው በዚህ ብርድ እጅህን የምትዘፈዝፈው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆነው ነበር።

የውጩ ቆርቆሮ እዚህ ላይ ወደቀ። ዙሪያውን በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የፕላስተሩን ጫፍ የደነዘዘ ጣት አያገኘውም፣ በጥርሴ ቀደድኩት። ክብሪቶቹ ከማጠራቸው የተነሳ ሁለቱ ሲጫሩ ተሰበሩ። ሲፍቋት ብልጭታ የምትረጨው ዘንግ ራሷ ከክብሪት እንጨት አትበልጥም። ብልጭታዋ ሦስት ሺህ ዲግሪ ገደማ ይደርሳል ይባላል፣ እውነትም ኃይለኛ ነው፤ ግን ዘንጓን ቆንጥጦ የሚይዝ ጣት ከሌለ ሙቀቱ ምን ያደርጋል? የኔ ተራ ላይተርም ቢሆን ረጥቦ አልጭር አለኝ። ጎማዋን ሸሚዜ ውስጥ ደጋግሜ አሽቼ ካደረቅኩ በኋላ ነው የበራችው። እሳት የያዘልኝ በቫዝሊን የታሸ ጥጥ ነው። አንዷ ድቡልቡል ከአራት ደቂቃ በላይ ነደደች፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በመዳፌ አሽቼ ያፍታታሁት የጥድ ልጥ ተያያዘ።

ያልጠበቅኩት ጀግና ግን ጧፍ ነው። ከቤት ስንዝር የምታህል ቆርጬ ነበር የያዝኩት። ንፋስ ያጠፋታል እንጂ ቆርቆሮው ውስጥ አጎንብሳ ስትነድ እርጥብ ጭራሮ ለማድረቅ የሚበቃ ጊዜ ትሰጣለች። ባሕር ማዶ ያለው የቆርቆሮ ሠሪ ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም።

በጧፉ ብዙ እንዳልኮራ ደግሞ ኮምቦልቻ አስተማረችኝ። አንድ ቀን ለጉዳይ ስወርድ ቋጠሮዬን ሚኒባሱ የፊት መስታወት ሥር አስቀመጥኩት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ቀንሷል፤ በዚህ ብቻ አየሩ አራት ዲግሪ ያህል ይሞቃል፣ ከመስታወት ሥር ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። ስፈታው ጧፉ ተጣጥፎ ከምላጩ ጋር ተጣብቋል፣ ቫዝሊኑ ቀልጦ ክብሪቱን አጥምቆታል። ከዚያ ወዲህ ጥጡን የጁስ መምጠጫ ቱቦ ውስጥ ጠቅጥቄ ሁለቱን ጫፍ በእሳት እደፍነዋለሁ፣ ጧፉንም ለብቻው በላስቲክ እጠቀልለዋለሁ።

ውሃ ላይ ያጠፋሁትን ስናገር አፍራለሁ። ለጀሪካን የሚታደለውን የክሎሪን እንክብል ነበር የያዝኩት። ማሸጊያውን ሳነበው 67 ሚሊግራም ነው፣ ለ20 ሊትር የተለካ። እኔ የያዝኩት የአንድ ሊትር ሃይላንድ ነው! ለአንድ ሊትር የሚሆን ትንሽ እንክብል ሌላ አለ፤ አሁን እሱን ነው የምይዘው። ድፍርሱን በነጠላ አጥልሎ፣ እንክብሉን ጨምሮ፣ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ነው። ማፍላት ይሻላል ለሚለኝ፦ በደሴ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ከ2000 ሜትር በላይ ደግሞ ሦስት ደቂቃ መንተክተክ አለበት ይባላል። ከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ የሚፈላው አንድ ሲኒ እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ብርድ ልብሷን ልንገራችሁ። ያቺ እንደ ብር የምታብለጨልጭ ስስ ፕላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1964 ናሳ ለጠፈር ሥራ ያዘጋጃት ናት። ተጣጥፋ ከሲጋራ ፓኮ ታንሳለች። ተጠቅልያት ግቢ ውስጥ ሣሩ ላይ ጋደም አልኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ደህና ነበርኩ፤ የሰውነትን ሙቀት በእርግጥ መልሳ ትሰጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ወገቤ በረዶ ሆነ። ብርዱ የመጣው ከአየሩ ሳይሆን ከመሬቱ ነው፤ ለሱ ያቺ ስስ ነገር ምንም አታደርግም። በውስጧም ትንፋሼ ጤዛ ሆኖ ልብሴን አርጥቦታል። በማግስቱ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ገለባ ጉልበት ድረስ ከምሬ ላዩ ላይ ስተኛ ያው ብርድ ልብስ ሌላ ሆነ። በንፋስ ስትንኮሻኮሽ ግን እንቅልፍ አይታሰብም፣ ጎረቤት ጠዋት «ሌሊቱን ሙሉ ምን ስትበሉ አደራችሁ?» ብሎ ጠይቆናል።

የቀረው ምልክት መስጠት ነበር። የውጩ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ወረቀት፣ ሦስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት የድረሱልኝ ጥሪ ነው ይላል፤ በብዙ ቦታ የታወቀ ደንብ ነው። ጦሳ ጎን ላይ ወጥቼ ሦስት ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ያው የነሐሴው እረኛ ልጅ እየሮጠ መጣና «ጋሼ፣ ኳስ የት ነው?» አለኝ። የድረሱልኝ ምልክት ነው ስለው ግራ ገባው። «እንደሱ ከሆነማ ኡኡ ይበሉ እንጂ፤ ፊሽካ ሰምቶ ማን ይመጣል?» አለ። እውነቱን ነው። ፊሽካ ጉሮሮ ያተርፋል፣ ከሰው ድምፅም አልፎ ይሰማል፣ ሰው እንዲመጣ ግን መሐሉ ላይ ኡኡታ ጣል ማድረግ ያስፈልጋል። መስታወቱ የተሻለ ሠርቷል። ጠዋት ፀሐይ ከፊቴ ስለነበረች ብልጭታውን ከታች ከተማው ውስጥ፣ ሆጤ በኩል የቆመው ጓደኛዬ አይቶ ደወለልኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ከጦሳ ጀርባ ስትዞር ያ ጎን ጥላ ይውጠዋል፣ መስታወቱም ዋጋ የለውም።

አሁን ኪሴ ውስጥ ያለው ሁለት ላይተር፣ አንድ ስንዝር ጧፍ፣ ሁለት ቱቦ ጥጥ፣ ብርድ ልብሷ፣ ትንንሾቹ እንክብሎች፣ መስታወት፣ መርፌና ሲባጎ ነው። ኮምፓሷ በሌላው ኪስ፣ ከብረት ርቃ። ፊሽካው የለም፤ ልጁ ለመነኝና ሰጠሁት። ባለፈው እሑድ ከጦሳ በኩል ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሰምቼ ልቤ ድንግጥ ብሎ እስከ ግማሽ መንገድ ወጣሁ። ፍጹም ቅጣት ምት እያስመታ ነበር።