ጊታር የሚሠራበት አሮጌ ፋብሪካ ሲታደስ፦ ከእርጥበቱ ጀምሩ

በሚሺጋን፣ ካላማዙ ከተማ፣ ፓርሰንስ ጎዳና ላይ ያለው የጊብሰን ፋብሪካ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ጊብሰን በ1984 ምርቱን ጠቅልሎ ናሽቪል ገባ፤ በዓመቱ መሄዱን ያልፈለጉ የቀድሞ ሠራተኞች እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሄሪቴጅ ጊታርን አቋቋሙ። እንዲህ ዓይነት ቤት ለማደስ ስንነሳ ብዙ አልሚዎች የሚቸኩሉት ለፊት ገጽታው ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ውስጡ ጊታር መሠራቱ ይቀጥል እንደሆነ ነው። ግድግዳውም መስኮቱም የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

የጊታር እንጨት ከ45 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ይፈልጋል። በሚሺጋን የበረዶ ወራት ማሞቂያ የበራበት ቤት ከ20 በመቶ በታች ሊወርድ ስለሚችል አየሩን ማርጠብ ግድ ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ይመጣል። 21 ዲግሪ ሙቀትና 45 በመቶ እርጥበት ያለው አየር፣ ቅዝቃዜው ከ9 ዲግሪ በታች የወረደ ነገር ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ሲደርስ የነጠላ መስተዋት የውስጥ ፊት ራሱ ከዜሮ በታች ነው። ጠዋት መስኮቱ በረዶ ለብሶ ይገኛል፤ ሲቀልጥ ውሃው ወደ ታች ወርዶ ክፈፉን ያዝገዋል ወይም ያበሰብሰዋል። ግድግዳውም ያንኑ እንፋሎት ይጠጣል። ሙቀት ለመቆጠብ ተብሎ ከውስጥ ወፍራም ኢንሱሌሽን ከተለጠፈበት ደግሞ ጡቡ የቤቱን ሙቀት ያጣና አይደርቅም፤ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሲሆን ፊቱን እየላጠ ይጥለዋል።

ስለዚህ ሕንፃውን በሙሉ አታርጥቡ። የእንጨት ማከማቻውንና አንገት የሚጣበቅበትን ክፍል ከውጭ ግድግዳ አርቃችሁ ለብቻ ሥሩ፤ እንፋሎት የማያሳልፈውን ፕላስቲክ በእርጥቡ በኩል አድርጉት። በመካከሉ የሚተርፈው ቦታ ለመተላለፊያ ይሆናል። አሮጌዎቹን መስኮቶች ሳትነቅሉ ከውስጥ ሁለተኛ መስተዋት ጨምሩ፣ ዙሪያውን ግን በጎማ ግጥም አድርጋችሁ ዝጉ። ትንሽ ከሾለከ ጤዛው መሃል ገብቶ የውጭው መስተዋት ላይ ይቀመጣል፤ ለመጥረግም አይመችም።

ፖይንቲንግ ላይ፣ ማለትም በጡቦቹ መካከል ያለው ያረጀ ማያያዣ ተጠርጎ በአዲስ ሲሞላ፣ የግንበኛውን የሲሚንቶ ልክ ራሳችሁ ተቆጣጠሩ። ለስላሳ አሮጌ ጡብ የሚስማማው 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ ኖራ፣ 9 እጅ አሸዋ ነው። ሲሚንቶው ከበዛ ማያያዣው ከጡቡ ይጠነክርና የሚሰበረው ጡቡ ይሆናል። መጋጠሚያው 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ይጸዳል። የቁሙ መጋጠሚያ ላይ ግራይንደር አይግባ፣ የጡቡን ጠርዝ ይበላዋል፤ መሮና መዶሻ ይበቃል። ከ4 ዲግሪ በታች ሥራ ይቁም። ጭስ ማውጫውን ከአናቱ መርምሩት፤ ዝናቡም ውርጩም በአራቱም ጎን የሚመታው እሱን ነው።

የቀለም ክፍሉን ማንም በችኮላ እንዳይነካው። በጢስ መሳቢያ ቱቦዎቹ ውስጥ የደረቀው የኒትሮሴሉሎስ ላከር (ጊታር የሚቀባው አንጸባራቂ ቫርኒሽ) በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ቱቦው በእሳት አይቆረጥም። መጀመሪያ በውሃ ይርሳል፣ ብልጭታ በማያወጣ መፋቂያ ይፋቃል፣ ፍቅፋቂው እስኪወገድ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። አፈሩም የማሟሟቻ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል። በሚሺጋን ሕግ ገዢው ላለፈው ብክለት ተጠያቂ እንዳይሆን የአካባቢ ሁኔታ ግምገማውን ንብረቱን በገዛ በ45 ቀን ውስጥ ማሠራት አለበት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለታሪካዊ ሕንፃ ዕድሳት ከሚወጣው ወጪ የፌዴራሉ መንግሥት 20 በመቶውን ከግብር ይቀንሳል፤ የሚሰጠው ግን በ5 ዓመት ተከፋፍሎ ስለሆነ የግንባታውን ብድር አይተካም። የሥራው ዕቅድ ሳይጸድቅ መስኮት መንቀል ቅናሹን በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል።

ሰፈሩን የሚያስከፋው አብዛኛውን ጊዜ አቧራ መሳቢያው ነው። ቀን ሙሉ ይጮሃል፤ መኖሪያ ቤቶች በሌሉበት ጎን ይተከል። ለመኪና ማቆሚያ ብሎ የጎረቤት ቤት ገዝቶ ማፍረስም ከጎረቤት ጋር ያቆራርጣል። ጊታር ሠሪው እንደ ቢሮ ተከራይ መክፈል አይችልም፣ ይህን ለመረዳት ሒሳብ አዋቂ አያስፈልግም። የእሱ ኪራይ ለረጅም ዘመን መፈረም ያለበት አበዳሪው የሌሎቹን ወለሎች የኪራይ ዋጋ ከማጽደቁ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅናሽ የሚሰጥበት ክፍተት አይገኝም።